ሆድ የሚያዩት ወይዘሮ

ወይዘሮ ገላነሽ ሰው ሲያገኙ ፊት አያዩም፤ ሆድ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ያስተዋልኩባቸው ይህንን ነው። ከባሕር ማዶ በተመለስኩ ሰሞን "ጤና ይስጥልኝ" ብዬ ጎንበስ ስል ዓይናቸው ከቀበቶዬ አልተነሣም።

"አንተ ዘንድ አለ፣ ልጄ" አሉኝ።

አለ የተባልኩት ወስፋት ነው። እውነት ነው፣ ሆዴን ሲቆርጠኝ ሰንብቶ ነበር። ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ እሳቸውንም አልጠየቅሁም።

ሐኪም ሳይሆን የሚያክም፣ ሳይጠየቅ የሚያዝ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እግዜር ለሌላው ሰፈር በመጠን ሰጥቶ ለእኛ ግን ክብርት የሆዳችንን ዳኛ ሙሉ አድርጎ ሰጠን። የራስ ምታት ወስፋት ነው። የባል ቁጣ ወስፋት ነው። ቄሱ በቅዳሴ መካከል ቢያዛጉ ወስፋት ነው። ማምለጫም የለም፤ የጀጎል መንገድ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ሆድ የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም። ሙዳይ ሻጯ ሐዲያ እሳቸው ሲመጡ ካየች አንዱን ሙዳይ ሆዷ ላይ ትለጥፍና "ወላሂ ዛሬ ደኅና ነኝ፣ እማ ገላነሽ" ትላለች።

"ደኅናማ ነሽ፤ አንቺ ነባር ነሽ። ወስፋት የሚወደው እንግዳ ነው።"

ያንገበገበችኝ ይህች አባባል ናት። አምስት ዓመት ተምሬ የመጣሁት ወስፋት ከቆሻሻ እንጂ ከእንግድነት እንደማይመጣ አውቄ ነው። በ1919 ዓ.ም. ከጀጎል ግንብ፣ ከኤረር በር ውጭ አሳማ የሚያረባ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ያን ዓመት ስምንት ግልገል ተወልዶለታል። ለድሬዳዋ ፈረንጆች የገና በዓል ቃል የገባቸው ናቸው፤ የዓመት ኑሮው እነሱ ነበሩ። የአምናዎቹን ግማሽ ወስፋት ስለፈጀበት ምክር ሰጠሁት፤ ግልገሎቹ ጡት እንደተዉ ከእናታቸው ጭቃ ወጥተው ድንጋይ በተነጠፈበት ንጹሕ ጉረኖ ይደጉ አልኩት።

ወይዘሮ ገላነሽ በማግስቱ ደረሱ። አሳማ ለእሳቸው ስሙ የማይጠራ ርኩስ ነው፤ ስለዚህ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ሃያ ክንድ ርቀው፣ በረጅም ዘንግ እየጠቆሙ ይፈርዱ ጀመር።

"እነዚያን... እነዚያን ነገሮች ወዴት ልትወስዷቸው ነው?"

"ወደ ንጹሕ ቦታ፣ እማማ። ወስፋት እንዳያገኛቸው።"

"እንዳያውቁት ነዋ። በልጅነታቸው ትንሽ በትንሽ ካልለመዱት፣ ካደጉ በኋላ እንግዳ ሆነው ይገቡበታል።"

"መጽሐፉ እንዲህ አይልም።"

"መጽሐፉን ወስፋት ይዞት ያውቃል?"

ሙሴ ያኒ ሳቀ። ይባስ ብሎ ከእኔ መጽሐፍ ይልቅ የእሳቸውን ዘንግ ፈርቶ ስድስቱን ብቻ ወደ ንጹሑ ጉረኖ አውጥቶ ሁለቱን ቀጫጭ ግልገሎች ከጭቃው ተዋቸው። ደሜ ፈላ። አሳማን በስሙ ለመጥራት የሚጸየፍ ሰው በአሳማ አስተዳደግ ላይ ዳኛ ሲሆን ማን ዝም ይላል?

ነሐሴ ላይ ዝናቡ የንጹሑን ጉረኖ ግድግዳ ናደው። ሌላ ቦታ ስላልነበረ እንደ ሙሽራ የታጠቡት የእኔ ስድስት ግልገሎች ጭቃው ውስጥ ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ሽማግሌ ማሳል ጀመሩ። ቆይቶም ጎናቸው ገብቶ ሆዳቸው ተነፋ። አንዱ ሞተ፤ ሙሴ ያኒ ሲከፍተው አንጀቱ እንደ ገመድ በተጠላለፈ ወስፋት ታጭቋል። ዕድሜ ልኳን ጭቃው ላይ የተኛችው እናት ግን አንዴም አላሳለችም። ሁለቱ ቀጫጮችም ቀደም ሲል ጥቂት አስለው ስለተሻላቸው እየተጋፉ ይበላሉ። ሥጋቸው ጠላቱን አንዴ አይቶ መልኩን ይዞታል። እንዴት እንደያዘው መጽሐፌን ገለጥኩ፤ አልነገረኝም።

ሙሴ ያኒ ጉረኖው ደጃፍ ተቀምጦ "አምስቱም ከሞቱ እኔ ወደ አገሬ ነኝ" አለ።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወይዘሮ ገላነሽ ቤት ሄድኩ። "ብዬህ ነበር" እንዲሉኝ ጥርሴን ነክሼ ብጠብቅ፣ "ስንቱ ነው የሚያስለው?" ብቻ አሉኝ። የወስፋት መድኃኒታቸውን በቅል በጥብጠው እስከ ጉረኖው መጡና፣ ቅሉን ከዘንጉ ጫፍ አንጠልጥለው ፊታቸውን አዙረው አቀበሉኝ። አምስቱም ተረፉ።

መሸነፌን ሰፈሩ ሁሉ ስላወቀው ይቅር ልላቸው አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ግን የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን አባይነህ አስቁሞኝ "እማማ ገላነሽን ምን አገኛቸው? ሰባት ቀን በማለዳ እየመጡ ጠበል ተጠመቁ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው እንቢ አሉ" አለኝ።

ለእነዚያ ርኩሶች ብለው እስከ ጉረኖው በመምጣታቸው መሆኑ ገባኝ፤ እኔም ምክንያቱን አልነገርኩትም።

በሰንበት ኤረር በር ላይ አገኘኋቸው። ነጠላቸው ከጠበሉ ገና እርጥብ ነበር። ቁርጠቱ ከተወኝ ወር ሆኖታል። "ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ" ብዬ፣ እንዲመረምሩት ሆዴን ገፋ አድርጌ ቆምኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩት።

"አሁን ነባር ሆነሃል" አሉኝ። ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አኑረው፣ ከሶፊ ገጠር ጫት ጭኖ የሚመጣውን ሰው ሆድ ከሩቅ እየመረመሩ ወደዚያው ሄዱ።