በመሐል ሜዳ ሳይለመኑ ጥብስ ስለ ተነሣባቸው ስለ አቶ ኃይለመስቀል ዘዘመሮ

ወይዘሮ አመተሥላሴ የምግብ ቤታቸውን ቁልፍ በጨበጡ በሰባተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ ውርጩ የመንዝን ሜዳ አንጥፎ በተኛበት ሰሞን፣ የሸክላ ጥብስም በመሐል ሜዳ በነገሠበት ዘመን፣ አቶ ኃይለመስቀል ዘዘመሮ፣ የበጎች ጌታ፣ የእድር ዳኛ፣ ሳይለመኑ የማይጎርሱ፣ ቢለመኑም ቶሎ የማይረቱ፣ የሚሸጡ በጎቻቸውን አስነድተው፣ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ዘመቱ።

የተከተሏቸውም እኒህ ናቸው፤ በቀኛቸው ዱላ ያዡ አማቻቸው አባይነህ፣ በግራቸው ደብረ ብርሃን ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ የከተማን ሥርዓት ጠንቅቆ የተመለሰው ያጎታቸው ልጅ ማሙሽ፣ ከኋላቸው አንዲት አህያ፣ ከአህያይቱም ኋላ ባለፈው ገበያ ገዢ አጥቶ በገዛ ፈቃዱ የሚከተል አንድ ጠቦት።

ስለ አቶ ኃይለመስቀል አበላል አስቀድመን እንናገር፤ ያለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባምና። በአገራቸው በዘመሮ ምግብ ቀረበ ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው ያልተቀጣ ነው። ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ እንግዳው በቃኝ ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ አፈር ስሆን ይላል፣ እንግዳው ይግደረደራል፣ በመጨረሻም እንደ ተሸነፈ ሆኖ ይበላል። በዚህ ጦርነት አቶ ኃይለመስቀልን የሚስተካከል አልተወለደም። በአንድ ሰርግ ላይ መጀመሪያ የሙሽራይቱ አባት፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቱ፣ በመጨረሻ ሙሽራይቱ ራሷ ከነቬሏ ለምናቸው፣ ወጡ ቀዝቅዞ እንደገና ሞቆ ነው የበሉት። ይህን የሚጠራጠር ዘመሮ ሄዶ ይጠይቅ፤ እኛ ከማንም ጋር አንጨቃጨቅም።

በጎቹም ከተሸጡ በኋላ፣ ሠራዊቱ ከአህያይቱ ጋር በደጅ ቆሎውን እየቆረጠመ ሲቀር፣ ከማለዳ ጀምሮ እህል ባፋቸው ያልዞረው አቶ ኃይለመስቀል ብቻቸውን ወደ ወይዘሮ አመተሥላሴ ቤት ገቡ፣ በመስኮቱም ሥር ተሰየሙ፣ የበግ ጥብስም አዘዙ። የሞላሌዋ ልጅ ትሕትና፣ እግሯ ፈጣን፣ ፈገግታዋም ከእግሯ የማያንስ አስተናጋጅ፣ እጃቸውን አስታጠበች፣ የሚንጫጫውን ሸክላ አቀረበች፣ መልካም ምግብ ብላም ሄደች።

አቶ ኃይለመስቀልም ይህን ቃል መረመሩት። መልካም ምግብ ምኞት ነው እንጂ ልመና አይደለም። ስለዚህ ጠበቁ። ጣሪያውን አዩ፣ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ጥብሱን ግን እንዳላዩ ሆኑ፤ ወነበሩ ከመዝ፣ እንዲሁም ሆነው ቆዩ። ሸክላው ጩኸቱን ተወ፣ ጮማውም መርጋት ጀመረ። ለወጉ ያህል ድንቢጥ የማያጠግብ ጉርሻ ሁለቴ ቀመሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። ትሕትናም ተመልሳ እንጀራ ትጨምር እንደ ሆነ ብትጠይቃቸው፣ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«በቃኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ይህ አዋጅ በዘመሮ ሕግ ልመናው ይጀመር ማለት ነው። በወይዘሮ አመተሥላሴ ቤት ግን በቃኝ ማለት በቃኝ ማለት ነው። ትሕትናም ጎድኑን ከነቃሪያው፣ ጮማውን ከነአዋዜው፣ ሸክላውን ከነፍሙ አንሥታ ሄደች፤ ወኮነ ዓቢይ ኀዘን። የአቶ ኃይለመስቀል እጅ አየር ላይ ቀረ። ራባቸው፣ ተናደዱ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን አፈሩ፤ ሳይለመኑ ማዕድ ሲነሣባቸው የመጀመሪያቸው ነበርና፣ ይህም ወሬ ዘመሮ ቢደርስ ስማቸው አብሮ ይነሣል።

በዚያን ጊዜ ሊቀ ከተማ ማሙሽ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ይህን ደነገገ፦

«በከተማ ወግ ጥሩ ላስተናገደ ቲፕ ይሰጣል። ሳይሰጥ የሚወጣ ቆንቋና ይባላል፤ እኔም አብሬ እሰደባለሁ።»

አቶ ኃይለመስቀልም በልባቸው ተሟገቱ፦ ቲፑ ለምኑ ነው? ጥብሴን ስለ ቀማችኝ? ነገር ግን ልጅቱ ያጠፋችው ነገር ሲፈለግ አልተገኘም፤ በቃኝ ብትባል ሰማች። ሚስታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት እንኳ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን በመጀመሪያው ቃላቸው ሰምተዋቸው አያውቁም። ስለዚህ ታላቅ ዘዴ አሰቡ፤ ሌላ ጥብስ አዘዙ፣ ሸክላው በቀረበም ጊዜ አንድ ድፍን መቶ ብር ከኪሳቸው አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩና እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ቲፕሽ ይህ ነው፤ ሥራሽም ይህ ነው። በቃኝ ስል አትስሚኝ።»

ትሕትናም ደነገጠች። ወይዘሮ አመተሥላሴ የመስተንግዶ ሥልጠና ወስደው ከተመለሱ ወዲህ፣ ደንበኛ የሚጨቀጭቅ አስተናጋጅ በዚያው ቀን ከሥራ ይሰናበታል የሚል ሕግ በቤቱ ጸንቶ ነበርና። እንጀራዋ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ብሩን አየችው፣ ሽማግሌውን አየቻቸው፣ ከንፈራቸው መድረቁን አየች፣ አንጀቷንም በሏት። ብሩን ወደ እሳቸው ገፍታ እንዲህ አወጀች፦

«አባቴ፣ እናቴ እንግዳ ስትለምን ተከፍሏት አያውቅም። በሞቴ ይብሉ።»

አቶ ኃይለመስቀልም እንደ ደንቡ በቃኝ አሉ። አፈር ስሆን አለች። ተግደረደሩ። ይቅበሩኝ ብላ ደገመች፣ ድምፅዋም ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ አቶ ኃይለመስቀል ተረቱ፣ በክብርም ጎረሱ፤ ደስታቸው ባይናቸው ሞላ።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። በአጠገባቸው ክትፎውን ሲያጋምስ የነበረ ይታየው የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ይህን ሰምቶ ቅናት ያዘው፣ ማንኪያውንም አስቀምጦ እኔንስ ማን ለመነኝ ብሎ አወጀ። ከርሱም የሚቀጥለው ገበታ እጁን ሰበሰበ፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ጥቂት ሳይቆይ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ምግቡን ከፊቱ አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ወይዘሮ አመተሥላሴም ቤቱ ጭር ቢልባቸው ከጓዳ ወጡ፣ ምግብ ሞልቶ የሚጎርስ የጠፋበትን ያን ሸንጎ አዩ፣ ትሕትናንም ሊያባርሩ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ይታየው ፊቱን አዙሮ በቃኝ ቢላቸው፣ ሥልጠናው ሁሉ ጠፍቶባቸው፣ ምነው ልጄ፣ በሞቴ፣ አሉት። ከአንዱም ወደ አንዱ እየዞሩ ሲለምኑ ዋሉ። ሕጉም በዚያው ተሻረ።

አቶ ኃይለመስቀልም ሸክላውን ጠርገው ከተነሡ በኋላ፣ ብሩ በጠረጴዛው ላይ እንደ ነበረ ነው። ለትሕትና ዘረጉላት። ይቅርብኝ አባቴ፣ አለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ብሩን መልሰው ኪሳቸው ቢከቱ የሚወቅሳቸው አልነበረም፤ ይቅርብኝ ብላለች፣ በዚያ ቤት ደግሞ የተባለ ነገር ተብሏል። ማሙሽም በመስኮቱ ጨርሰናል የሚል ምልክት ያሳይ ነበር። አቶ ኃይለመስቀል ግን አንገቷን ደፍታ እጆቿን ከሽርጧ ሥር መደበቋን አዩ፣ ይህንንም እንቢታ አወቁት፤ ሲሉት የኖሩት የገዛ ራሳቸው በቃኝ ነበር። በዕድሜያቸው ማንንም ለምነው የማያውቁት ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሞቴ፣ አሉ። ኧረ አይሆንም፣ አለች። አፈር ስሆን ልጄ፣ አሉ። ሚስቴ ሙሉመቤት ትቅበረኝ፣ ሲሉ ግን ትሕትና ሳቀች፣ በሁለት እጇም ተቀበለች።

ከደጅ ሠራዊቱ ተቀብሎ ጠገቡ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ተቀበለችኝ አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ክብር ይገባዋል ለኃይለመስቀል ዘዘመሮ፣ ለበጎች ጌታ፣ ለእድር ዳኛ። ተለምኖ መብላትን ከአባቶቹ ወርሶ ነበር፣ በዚያም ብቻ ቢሞት ስሙ በቂ ነበር፤ እርሱ ግን በጥር ብርድ፣ በመሐል ሜዳ፣ በሰው ሁሉ ፊት ራሱን ገልጦ፣ አንዲትን የሞላሌ ልጅ ለመስጠት ለመነ፣ ድልም አደረገ።