የፍሬን ሐኪሙ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ጎረቤት አለው። ይህን ጎረቤት ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልቀጠረውም፤ ቁልፍ ሲነሳ ግን ከአጥሩ ማዶ አንገቱ ብቅ ይላል። ልብስ ሰፊዋ አሮጌ መኪናዋን በገዛች ማግስት የደረሷት፣ ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም ነበሩ።

ክቡርነታቸው መኪና የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅም። መንጃ ፈቃድ አለዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው ደፋርም እስካሁን አልተገኘም። ያላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጥርስ ሲያዩበት የኖሩት ባለ እጀታ ትንሽ መስታወት ነው። እሱን የቆመ መኪና ጎማ ውስጥ ሰድደው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጸጥ! እያወራች ነው» ይላሉ። የባለመኪናውን ፈቃድ አይጠይቁም።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ክው ያለችው በአንድ የቀብር ቀን ነው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አስከሬን የጫነውን መኪና አስቆሙና ተንበረከኩ። ሰው ሁሉ ለሟች ሊጸልዩ መስሎት አብሯቸው ተንበረከከ። እሳቸው ለካ መስታወታቸውን የኋላ ጎማው ውስጥ ከትተዋል!

«ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ሰው ምን ይላል?» አለች፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት እየተመኘች።

«ሟቹ አይቸኩልም» አሉ ቀና ሳይሉ። «መኪናዋ ወደ ኋላ ብትንደረደር ግን የምትደፈጥጠው እኛን ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብላ ነበር። ተሳስታለች። የመኪናዋ የፊት ጎማ ፍሬን ስትይዝ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረና የፍሬን ሸራ ልትገዛ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄድ፣ ሳትጋብዛቸው ተከተሏት። ሻጩ ሸራውን ከካርቶኑ አውጥቶ ሰጣቸው። አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ፋቁት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነከሱት። የሻጩ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ይሄ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ያልቃል» አሉ አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ያንን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ስጠን።»

«አባባ፣ እሱ እኮ የጭነት መኪና ነው።»

«ታዲያስ! ጥንካሬ ማለት እሱ ነው።»

እሷ የተነከሰውን ገዝታ በቀጥታ ጋራዥ ገባች፤ እሳቸውም ተከትለዋት ገቡ። በማግስቱ እህቷ ታገባለች፤ የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት፤ ቀሚሱንና ትንሿን ልጇን ጭና ያንን ረጅም ቁልቁለት መውረድ አለባት። መካኒኩ አዲሱን ሸራ ገጠመ፣ መኪናዋን ነድቶ ሞከራት፣ ሲጥታው ጠፋ።

«የኋላ ቀኙን ፍታ» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ ድምፁ ከፊት ነበር። አሁን ደግሞ ጠፍቷል።»

«ድምፅ ይዞራል። ፍታ ብያለሁ!»

ዘይት የጠገበው የጋራዡ ወለል ላይ፣ ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ከነሙሉ ልብሳቸው ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ በንዴት ጦፈች።

«ጋሼ፣ ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው! ይነሱልኝ!»

«በላዬ ላይ እለፊ።»

መካኒኩ ከእሳቸው ለመገላገል ብሎ ጎማውን ፈታ፤ እያጉረመረመ ሸራውን የሚሸፍነውን የፍሬን ታምቡር አወለቀ። ማጉረምረሙን በአንዴ አቆመ። የፍሬን ዘይት ከውስጥ ሲፈስ ከርሞ ሸራው ርሶ በስብሷል።

«እህቴ» አለ ፊቱ ተለዋውጦ፣ «እኔ የፊቱን ብቻ ነበር ያየሁት። እዚያ ቁልቁለት ላይ ብትረግጪው፣ ፍሬኑ ባዶውን ይወርድ ነበር።»

ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ያ ሁሉ ገደል፣ ልጇ ከኋላ እየዘፈነች፤ በዓይኗ ዞረ። ሽማግሌው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «አላልኩሽም?» እስኪሏት ጠበቀች። አላሉም። ቀና ብላ ብታያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ምን አውቄ!» አሉ። «እኔ ከጥርስ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ከአራቱ ጎማ ለምን ያንን መረጡ?»

«ልጅሽ በዚያ በኩል ነዋ የምትቀመጠው።»

ልብስ ሰፊዋ ዘይት በነካው ኮታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። መካኒኩ የሚያፈሰውን ዕቃ ቀየረ፣ ሸራውንም በሁለቱም በኩል ለወጠ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን አራቱንም ጎማ ፈትቶ አየ።

በማግስቱ ቁልቁለቱን የወረዱት ሦስት ሆነው ነው፤ ክቡርነታቸው ቀሚሱን በጭናቸው ታቅፈው ከፊት ተቀምጠዋል። ከላይ እስከ ታች፣ በእሳቸው በኩል የሌለውን ፍሬን በቀኝ እግራቸው እየረገጡ ወረዱ። ልብስ ሰፊዋም በየጥምዝምዙ ፍጥነቷን የምትቀንሰው እሳቸው ሲረግጡ እያየች ነበር።