የጎበሳው ተጠባባቂ

ሥራ አፈላለግ ላይ የራሴ ዘዴ አለኝ። ጓደኞቼ በቴሌግራም ነው የሚፈልጉት፤ ተኝተው። እኔ በእግሬ ነኝ። ማስታወቂያ ወጣ ሲባል ሰነዴን በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ፤ ፊቴን ሲያዩ ይራሩልኛል ብዬ። አርቦዬ ከተማ ፊቴን አይቷል። ኦጎልቾም አይቷል። እስካሁን የራራልኝ የኦጎልቾው ጥበቃ ብቻ ነው፤ ጥላ ሥር እንድቀመጥ ፈቀደልኝ።

በዕፅዋት ሳይንስ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አሰላ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የፈተና ቀን ሸሚዜን የሚተኩሱልኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ስመለስ በር ላይ ቆመው "እህስ?" ይሉኝ ነበር። ኋላ ተዉት። ፊቴን አይተው ምግብ ያቀርባሉ። ይሄኛው ነው የሚያመው።

አምና ታዲያ ጎበሳ ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የሰብል ባለሙያ ፈለገ። አንድ ሰው ብቻ፤ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። ዜሮ ዓመት! በስሜ የጠሩኝ ነው የመሰለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሌንሳ የምትባል ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ደብተሯን ትገልጣለች፣ ትዘጋለች፣ ደግሞ ትገልጣለች። ለዚያው ፈተና እንደምትሄድ ገባኝ። ትንሽ ቆይታ "ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ የስንዴን ቢጫ ዋግና የግንድ ዋግ በምንድነው የምትለያቸው?" አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "እኔ እንጃ" ብሎ መተኛት ነበር። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የተማርኩትን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አፌን ከፈትኩ፤ ጎበሳ እስክንደርስ አልዘጋሁትም። ቢጫው በሽታ ቅጠሉ ላይ በመስመር እንደሚሰለፍ፣ የግንዱ ቀላ ብሎ አገዳውን እንደሚይዝ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደሚረጭ፤ በመስኮት የሰው ማሳ እያሳየሁ ጭምር። እሷ ትጽፋለች፤ በመሃል "ገለቶሚ፣ ወንድሜ" እያለች ታመሰግናለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ከተመረቅሁ ወዲህ ደስ ብሎኝ የዋልኩት ያን ቀን ነው።

የፈተናው ትልቁ ጥያቄ ዋግ ነበር።

ውጤት ሲለጠፍ ሌንሳ አንደኛ። እኔ ሁለተኛ፤ በግማሽ ነጥብ። ከስሜ ጎን "ተጠባባቂ" ይላል።

ያን ቀን አባባ ጠየቁኝ።

"ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?"

"አንደኛዋ ከቀረች እኔን ይጠሩኛል።"

"ትቀራለች?"

"አትቀርም፣ አባባ።"

 "ጤና ይስጣት" አሉና ሸሚዜን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። እዚህ ላይ የምቀልደው ነገር የለኝም።

ሌንሳ ክፉ ልጅ አይደለችም። ከማሳ ውስጥ ሆና ትደውላለች። "ወንድሜ፣ የቅጠሉ ጫፍ ደርቋል፣ ምንድነው?" እነግራታለሁ። ለእኔም አለቆቿን ጠይቃልኝ ነበር፤ ከእንግዲህ የምንቀጥረው ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው አሏት። የተጠባባቂነቴም ስድስት ወር አለፈና ወረቀቱ ከሰሌዳው ተነሣ። በስድስቱ ወር ውስጥ ልጅቷ ጉንፋን እንኳ አልያዛትም።

በቀደም ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ከጎበሳ ወዲያ ያሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ስልኬን የሰጠቻቸው ሌንሳ ናት።

"እኔ ያልገባኝን እሱ ያውቃል አለችኝ። አለቃዋ ነዎት መሰለኝ?"

አለቃዋ አይደለሁም ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው ስለ ስንዴያቸው ጀመሩ። ጠውልጎባቸዋል፤ የዓመት ቀለባቸው ነው። ጠየቅኋቸው፣ የማውቀውን ነገርኳቸው፣ መረቁኝ።

"ለማንኛውም አሰላ ስመጣ ዛላውን ይዤ ላሳይዎት" አሉ። "ቢሮዎ የት ጋ ነው?"

አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰማሉ። ምን ልበል?

"አሁን መስክ ላይ ነኝ" አልኳቸው።

"መቼ ይመለሳሉ?"

"እሱ ገና አልታወቀም።"