የትኛው ግንደ ቆርቁር?

በየግቢው አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም። ለሌላው ግቢ የኳስ ወይም የፖለቲካ አዋቂ ሲደርሰው፣ ለእኛ የደረሱን የግንደ ቆርቁር አዋቂ ናቸው። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ፣ በሌሉበት «ክቡርነታቸው» የምንላቸው።

አንድ ጠዋት አፌን አዳልጦኝ «ግንደ ቆርቁር አየሁ» አልኳቸው።

«የትኛውን?»

«ያው... ግንድ የሚቆረቁረውን።»

«‹ሰው አየሁ› ብሎ ወሬ አለ? አናቱ ቀይ ነው? ጢም አለው? ጀርባው አረንጓዴ ነው ወይስ ዝንጉርጉር? ግንዱን ትቶ መሬት ላይ ጉንዳን የሚለቅም እንዳለስ ታውቃለህ?»

ቢሮ የገባሁት አርባ ደቂቃ አርፍጄ ነው።

ሐዘን ቤት ተቀምጠው እንኳ የወፉ ምላስ ጭንቅላቱን ዞሮ እንደሚታጠፍ ለሟች ሚስት አስረድተዋል። ሴትየዋ ለቅሶዋን አቋርጣ «እውነት?» አለች። ሊያርማቸው የሞከረውን ሁሉ «ልጄ፣ እኔ በድምፁ ነው የምለየው» እያሉ አፉን ያስይዙታል።

ስለዚህ ወደ መብራት ሽቦው ያዘነበለውን የግቢያችንን ደረቅ ዛፍ ልናስቆርጥ ስንሰበሰብ፣ የወፍ ጎጆ ይኑረው አይኑረው የተጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው ቆዩና «ባዶ ነው፤ ለቀዋል» ብለው ፈረዱ። አጠገባቸው ነበርኩ። ከግንዱ ውስጥ የጫጩት ድምፅ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳቱ ማየት አምሮኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ዛፉ እንደወደቀ ቆራጩ መጋዙን አጥፍቶ ሦስት ጫጩት በመዳፉ ይዞ መጣ። ሞተዋል። ክቡርነታቸው አዩዋቸውና ቤታቸው ገቡ፤ ሳምንት ሙሉ አልወጡም። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው የኔን ዝምታ አላየም። የሚያርመኝ ጠፍቶ ግቢው ጭር ሲል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ጠላሁት።

በስምንተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ። ቶሎ አልከፈቱም።

«ጋሼ፣ እኔ ሰምቼ ነበር» አልኳቸው። «ጫጩቶቹን። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን አፌን ትክ ብለው አዩት።

«ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም። በል ንገረኝ፣ እንዴት ነበር የሚሉት?»

የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በራቸው ደረጃ ላይ ቆሜ እንደ ጫጩት ጮህኩላቸው።

ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉ።

«ከፍ አድርገው፣ ልጄ።»