አቶ ሆግላንድና ስልሳ ስምንት ዲግሪ

ወንዝ ባለበት አገር ሁሉ፣ እሱ ቆሞ ካልጠበቀው ወንዙ ተነቅሎ የሚሄድ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፣ ጠብቅልን ብሎ የለመነውም የለ። ለእኛ ለኮተንዉድ ወንዝ ሰዎች የደረሱን አቶ ዴልበርት ሆግላንድ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በዚሁ በአሜሪካ፣ በሞንታና ሸለቆ ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን ከፖስታው እንጂ የሰው ደጃፍ ላይ ከመቆም አይደለም።

እኔ መርል እባላለሁ። እንግዶችን በጀልባ እየቀዘፍኩ ትራውት ዓሣ አስጠምዳለሁ። ከላባና ከክር የተሠራች የውሸት ዝንብ መንጠቆ ሸሽጋ ውሃው ላይ ታርፋለች፤ ዓሣው እውነት መስሎት ይውጣታል፤ እንይዘዋለን፣ እናደንቀዋለን፣ መልሰን እንለቀዋለን። ሃያ ሁለት በጋ እንዲህ ቀዝፌያለሁ። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። ቢሆንም አቶ ሆግላንድን እንደ መስማት የሚያደክም ነገር አላየሁም።

ክቡርነታቸው ጀልባ በምናወርድበት ዳርቻ ላይ ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሌላው ሰው መስቀል በሚያንጠለጥልበት ቦታ፣ አንገታቸው ላይ፣ በጫማ ማሰሪያ የታሰረ ቴርሞሜትር አለ።

"ውሃው ስንት ነው?" ይሉኛል።

"ደህና አደሩ፣ አቶ ሆግላንድ።"

"እኔ ደህና ነኝ። ውሃው ስንት ነው?"

ሕጋቸው አንድ ነው፤ ስልሳ ስምንት። ውሃው በፋራናይት ስልሳ ስምንት፣ በሴልሺየስ ሃያ መሆኑ ነው፣ ከገባ የማጥመጃ ዘንግህን ሰብስበህ ቤትህ ትሄዳለህ። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ፍጡር ነው፤ ሲሞቀው ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚያ ላይ በመንጠቆ ካታገልከው፣ ብትለቀውም ጭራውን አንዴ ወዝውዞ ይሄድና ከዓይንህ ርቆ ይሞታል። ይህን የሚክድ የለም። ግን እውነትም ቢሆን በቀን አሥራ አራት ጊዜ ሲነገር ጆሮ ያደነቁራል።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። "ሃምሳ ዘጠኝ ነው። እስከ እኩለ ቀን ጨርስ።" ይሉና ይጠረቅሙታል። ወይዘሮ አርዲስ ቱፍት ለቤተ ክርስቲያን ግብዣ የድንች ሰላጣ ሠርተው ቢመጡ፣ አቶ ሆግላንድ በሰው ፊት ቴርሞሜትራቸውን ሰላጣው መሀል ሰኩት። "ሰባ አንድ። ይህን እንኳን ሰው ዓሣም አይበላው" አሉ። አርዲስ ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፈዋል። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ፎቶ ልነሣ ብሎ ዓሣውን ከውሃ አውጥቶ ሲያገላብጥ፣ ሰዓታቸውን አውጥተው፣ "በል አንተም ትንፋሽህን ያዝ። አንተን ሲያቅትህ እሱንም አቅቶታል ማለት ነው" አሉት። ልጁ ደንግጦ በእውነት ያዘ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ባለፈው ሐምሌ ሙቀቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቅ አለን። ጫካው ከተራራው ወዲያ እየነደደ ጭሱ ሸለቆውን ሞላው፤ ፀሐይዋ እንደ ቀላ መዳብ ሆነች። መንግሥት ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ማጥመድ ከለከለ። አቶ ሆግላንድ ግን፣ "ዓሣ መቼ ሰዓት አሠረ!" እያሉ ገና በአምስት ሰዓት ሰውን ከወንዙ ያባርሩ ጀመር። እንግዶቼ አንድ በአንድ ቀሩ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ የሰው ድምፅ አስመረረኝ።

ከቀሩልኝ እንግዶች አንዱ ፕረስኮት የሚባል የሂዩስተን የጥርስ ሐኪም ነበር። ሚስቱ ከመሞቷ በፊት የገዛችለትን ዘንግ ይዞ ነው የመጣው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ዓሣ አልነካለት። አላማረረም። ቢያማርር ይሻለኝ ነበር፤ ዝምታው አንጀቴን በላው። በመጨረሻው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ "ለጥቂት ደቂቃ አንድ ቦታ ላሳይህ" አልኩት።

ከተራራው በረዶ የሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት ከወንዙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ወንዙ ሲሞቅ ዓሣው ሁሉ ነፍሱን ሊያተርፍ እዚያ ይከማቻል። በዚያ ሰሞን እዚያ ማጥመድ፣ ሰው ለጥገኝነት የገባበትን ቤት በር መስበር ነው። አውቃለሁ። ቴርሞሜትሬን ከኪሴ አላወጣሁም፤ ያላየሁት ቁጥር አይጠይቀኝም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ዝንቧ ለሦስተኛ ጊዜ ስታርፍ ውሃው ፈነዳ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ታገሉ። ፕረስኮት እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ዓሣው መረቡ ውስጥ ሲገባ የክንዴን ያህል ነበር። መንጠቆውን ነቅዬ ለቀቅሁት።

ነጭ ሆዱን ገለበጠ።

"ይሄዳል፣ አይደል መርል?" አለኝ ሐኪሙ። 

ከቁጥቋጦው ውስጥ የደረቀ እንጨት ተሰበረ። ዞር ስል አቶ ሆግላንድ። በቃ፣ ዛሬ ስብከቱን ጠጣሁት አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

እሳቸው ግን ከነጫማቸው፣ ከነሱሪያቸው ቀዝቃዛው ጅረት ውስጥ ገብተው ተንበረከኩ። ዓሣውን በረጠበ እጃቸው ከሥሩ ደግፈው፣ አፉን ወደሚወርደው ውሃ አዞሩለት። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ቆምን።

"ጌታዬ፣ ይድናል?" አላቸው ፕረስኮት።

"አላውቅም።"

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ፣ "ፖስታ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት" አሉ፣ "እንዲህ ያለ ሙቀት መጣ። እዚሁ ቆሜ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ዓሣ ያዝኩ። ሠላሳ አንዱንም ለቀቅኩ። ጻድቅ ነኝ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ደብዳቤ ላደርስ ታች ድልድዩ ጋ ብደርስ፣ የወደቀ ግንድ ሥር ሆዳቸውን ገልብጠው ተከማችተዋል። መኪናዬን አቁሜ ቆጠርኳቸው።"

ስንት እንደሆኑ አልነገሩንም። 

ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ዓሣው ጭራውን አነቃነቀ። አቶ ሆግላንድ አልለቀቁትም። ደግሞ ሲነቃነቅ ጣቶቻቸውን ብቻ ዘረጉ። ቀስ ብሎ፣ ቂም እንደያዘ ሰው ዞር ሳይል፣ ወደ ጥልቁ ገባ። ይኑር ይሙት እሱ ያውቃል።

"ይከሱኛል?" አልኳቸው።

"በምን ልከስህ? ስምንት ሰዓት አልሞላም ነበር።" እርጥብ እጃቸውን ጠርገው፣ "ግን ታውቅ ነበር" አሉ።

"አውቅ ነበር።"

"እህ" አሉና ሊነሡ ሞከሩ። እግራቸው እምቢ አለ። የበረዶው ውሃ ከጉልበታቸው በታች አደንዝዟቸዋል። ፕረስኮት ከብብታቸው ያዛቸው፤ እኔ ጎንበስ አልኩ። "ተወኝ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ!" እያሉ ጀርባዬ ላይ ወጡ።

ያን ሁሉ ዓመት የከበዱኝ ሰው እንደ ገለባ ቀለሉኝ። አጥንትና እርጥብ ካኪ ብቻ ናቸው። ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ አፋቸው ግን አላረፈም። "በግራ በኩል ሂድ፣ ያ ድንጋይ ያንሸራትታል። ቀስ! አንተ ልጅ መራመድ ማን አስተማረህ? አሁን ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ!"

በግራ ሄድኩ። ወደ ላይ አልኩ። መኪናቸው ቅርብ ነበር፤ እኔ ግን እየሰማኋቸው በሚዞረው መንገድ ወሰድኳቸው።