ወደ ውስጥ የሚተነፈስ እንግሊዝኛ

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ግን ልናገረው፦ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሩሲያዊ እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!

ሳቁ፣ ሳቁ። እጠብቃለሁ።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሴንት ጄምስ ታውን ስኖር ሰርጌይ የሚባል የኤሌቬተር መካኒክ ጎረቤት ነበረኝ። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን በእንግሊዝኛ ዝግ። ሥራ ፈቶ ከርሞ ከርሞ በመጨረሻ ኢንተርቪው ተጠራ። ሚስቱ ሉዳ በሬን አንኳኩታ «አንተ ጥሩ ትናገራለህ፣ እርዳው። ይሄ ካመለጠው ያብድብኛል» አለችኝ።

ጥሩ ትናገራለህ! ይሄን የሰማ ሰው እምቢ ይላል?

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ፓርኪንግ ሎት ስሠራ፣ ከደንበኛ አፍ እየለቀምኩ ነው። ግራመር አትጠይቁኝ። ኢዲየም ግን ጠይቁኝ!

በኢዲየም ያዝኩት። «ኮል ኢት ኤ ዴይ» ማለት ለዛሬ ይብቃን። «ዘ ላስት ስትሮው» ማለት አሁንስ በዛ። «ፒስ ኦፍ ኬክ» ማለት በጣም ቀላል። እሱም እየተንተባተበ «እኛ አገር ተርኒፕ ከሚሉት ከተቀቀለ ሥራሥር ይቀላል ነው የምንለው» ይለኛል።

ትርጉሙን ሲያገኝልኝ ደስ ይለኝና፣ ያቺን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላትን የኛን «አዎ» እላለሁ። ታውቋታላችሁ። «ህእ!»

እሱም ይደግማታል።

ለካ ኢዲየም ሲያልቅ የሚባል ነገር መስሎት ነው!

እኔ በምን ልወቅ? ጎበዝ ተማሪ ነው ብዬ ቀጠልኩ።

የኢንተርቪው ቀን አብሬው ሄድኩ። እሱ ከማናጀሯ ጋር ቢሮ ውስጥ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ በሩ ክፍት።

«አሮጌ ኤሌቬተር መጠገን ትችላለህ?» አለችው።

«ፒስ ኦፍ ኬክ። ህእ!»

ቀና አለች። «አስም አለብህ እንዴ?»

«ኖ ፕሮብሌም። ህእ!»

ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ላበረታታው ብዬ፣ ምን ባደርግ ጥሩ ነው?

«ህእ!»

ሴትዮዋ ሁለት ሰው ትንፋሽ ሲያጥራቸው አየች። ኮሪደሩ ደግሞ የዛን ቀን ቀለም እየተቀባ ነበር። የቀለሙ ሽታ ያፈነን መስሏት ብድግ ብላ ሁላችንንም ከነጸሐፊዋ ነድታ አስፋልት ዳር አወጣችን!

ሰርጌይ ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ሁሉ የጠበቀው ሥራ ሊያመልጠው ነው። በኔ!

ምን አማራጭ አለኝ? ተናዘዝኩ። «መታፈን አይደለም፣ እኔ ያስተማርኩት ነው፤ አዎ ማለት ነው» አልኳት።

«በሩሲያኛ?»

«በአማርኛ።»

እሱን አየችው። እኔን አየችኝ። «አንተንስ እንግሊዝኛ ማን አስተማረህ?»

«ራሴ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

በሳቅ ፈረሰች። እዛው አስፋልት ዳር ስለ ሞተር፣ ስለ ኬብል ጠየቀችው፤ ግማሹን በአፉ ግማሹን በእጁ መለሰላት። ቆይታ «ሰኞ ሥራ ጀምር» አለችው። «አስተማሪህን ግን እቤት ተወው።»

አይገርማችሁም? ዛሬ ሰርጌይን እንግሊዝኛ ማን አስተማረህ ብትሉት፣ ደረቱን ነፍቶ «ራሴ!» ነው የሚላችሁ። መልሱን እንኳን የሰረቀው ከኔ ነው!

እና እሱን አትጠይቁት። ወንድ የሆነ ሄዶ በሬን ያንኳኳችውን ሉዳን ይጠይቃት!