ከልካይ ያጣው ፍቅር

የሰው ልጅ በፍቅር መሰቃየት ከጀመረ ዘመናት አልፈዋል። ሳይቸግረው ካልተሰቃየሁ ብሎ ደጅ የጠና ግን የእኛ ማተሚያ ቤት አራሚ ብቻ ነው፤ በዚህም እኛ ባልደረቦቹ እጅግ ኮርተናል።

አራሚያችን ጥንቁቅ ሰው ነው። አንድ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ሦስቴ፣ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ነገሩ የጀመረ ጊዜ የደረሰው አንድ የቆየ ልብ ወለድ ነበር፤ ወጣቱ ይወዳል፣ አባት ይከለክላል፣ ግዴታ ይለያያቸዋል፣ ልጅቱ በናፍቆት ትሞታለች። በመጀመሪያው ንባብ ስህተት አረመ። በሁለተኛው አለቀሰ። በሦስተኛው የራሱ ፍቅር ጉድለት እንዳለበት ደረሰበት።

ፍቅረኛው ከታች ጥራዝ ክፍል መጽሐፍ ትሰፋለች። ትወደዋለች፣ ይወዳታል፣ ቤትም አይተዋል። የቀረው መጋባት ብቻ ነበር።

"የሚከለክለን የለም እኮ!" አለኝ ማሽኔ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱ ገርጥቶ።

"ታዲያ ተመስገን አትልም?"

"አንተ ምን ታውቃለህ! እንቅፋት የሌለው ፍቅር፣ እሱም ፍቅር ነው?"

እኔ የማውቀው ቀለም መሙላት ነው፤ እሱን ቀጠልኩ።

እሑድ ጫማውን አስጠርጎ አባቷ ዘንድ ሄደ። የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ጠራዧ ናት፤ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር።"

"ልጄን ከሆነ ሰጥቼሃለሁ። መቼ ይሁን?"

"እሱን አይደለም። ይከልክሉኝ።"

"ምን አልክ?"

"እምቢ ይበሉኝ። 'እኔ በቁሜ እያለሁ አታገባትም' ቢሉኝ ደግሞ ደስታውን አልችለውም።"

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ዞረው፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ሳያመው አይቀርም፣ ውሃ አምጪለት!" አሉ። አልከለከሉም። እንዲህ ያለም ጨካኝ አባት አለ!

አባት ባይከለክል ግዴታ አለና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣ፤ ሩቅ ቅርንጫፍ አዛውሩኝ አለ። ቅርንጫፍ የለንም። ያለን ከመንገዱ ማዶ የወረቀት መጋዘን ነው፤ እዚያ ተዛወረ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስበውን፣ "ከግል ስሜቱ የተቋሙን ራዕይ ያስቀደመ" ብለው ንግግር አደረጉ፤ እኛም አጨበጨብን። ባዶ ወረቀት ላይ የሚታረም ስህተት ስለሌለ ሥራው አልከበደውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱን አንድ መጋዘን ውስጥ አገናኘናቸው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን አልተሻገረም። መስኮት ላይ ተደግፎ ይናፍቅ ጀመር። በምሳ ሰዓት ጠራዧ ወጥታ ከወዲህ ማዶ ትጣራለች፦

"ና እንጂ፣ ምሳ እንብላ!"

"ግዴታዬ አይፈቅድልኝም!"

"የምን ግዴታ? በሩ ክፍት ነው እኮ!"

"ናፍቂኝ!" ይላታል።

እሷም ናፈቀችው፤ የምሯን። ዓይኗ አብጦ ትገባ ነበር፣ ስፌቷም መጣመም ጀመረ። እኛም፣ "ታድለሽ! እንዲህ የተወደደ ማን አለ?" እያልን አጽናናናት። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

አንድ ቀን መንገዱን ራሷ ተሻገረች። እኔ ወረቀት ልጭን እዚያው መጋዘን ነበርኩ።

"ላገባ ነው" አለችው።

ፊቱ በራ። "አስገደዱሽ አይደል? አባባ ናቸው?"

"ማንም አላስገደደኝም።"

"በሀብቱ ነዋ!"

"ሾፌራችን ነው። ምን ሀብት አለው?"

"እና ሳትወጂው..."

"ወድጄው ነው። ስጠራው ይመጣል።"

አራሚው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። "ግን ዕድሜሽን ሙሉ ትናፍቂኛለሽ?"

አሰበችበት፤ ደግ ልጅ ናት። "አይ፣ ናፍቆቴን በክረምቱ ጨረስኩት" አለችው፤ ወጣች።

እርሳሱን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካ። ከዚያ ተከትሏት ሮጠ። ያን ግዴታ የከለከለውን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ተሻገረው፤ መኪና እንኳን አልገጨውም። እኔም ወረቀቱን ጥዬ ተከተልኩ። ጥራዝ ክፍል ስደርስ፣ የምር ዕንባ እያነባ፣ "እሺ በቃ፣ ተይው ሁሉንም! ዛሬውኑ እንጋባ!" ይላታል።

ጠራዧ መርፌዋን ሳበች፣ ክሩን አጠበቀች፣ ቀና ሳትል መለሰችለት።

"ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"